ካርድ የሚሰጥበት ቀን

ሰኔ ሲገባ በወሎ፣ በሐይቅና በአምባሰል ትምህርት ቤቶች፣ ዋናው ሥራ ከሰሌዳ ወደ ወረቀት ይዞራል። ስም ጠሪው መምህር ሮስተሩን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ የየትምህርቱ መምህራን ያስረከቡትን ማርክ ሊስት አጠገቡ ደርድሮ የሁለቱን መንፈቀ ዓመት ውጤት እየደመረና ለሁለት እያካፈለ አማካዩን በየስሙ ትይዩ ያሰፍራል። ክፍሉ ስልሳና ሰባ ልጅ ካለው ሥራው ቀናት ይፈጃል። አንዲት ቁጥር ከተሳሳተች የሁሉም ደረጃ ይዛባልና መምህሩ ደምሮ ከጨረሰ በኋላ እንደገና ከላይ ይጀምራል። ከዚያ ውጤቱ ወደ ካርዱ ይገለበጣል፤ ጠባይ፣ የቀረበት ቀን ብዛት፣ አማካይ፣ ደረጃ፣ «ተዛውሯል» ወይም «አልተዛወረም»፣ የርዕሰ መምህሩ ፊርማና ማኅተም። ሁሉም ከተሞላ በኋላ በካርዱ ላይ አንድ ባዶ መስመር ይቀራል፤ የወላጅ ፊርማ የሚሰፍርበት።

ክርክሬ ያለው እዚህ ባዶ መስመር ላይ ነው። ፊርማው የሚገኘው ከሁለት በአንዱ መንገድ ነው። በአንደኛው ልጁ ካርዱን ደብተር ውስጥ ሸጉጦ ቤት ይወስደዋል፤ አባት ወይም እናት፣ አንዳንዴም ፊደል የቆጠረ ታላቅ ወንድም ይፈርምበታል፤ ወላጅና መምህር ሳይተያዩ ዓመቱ ይዘጋል። በሁለተኛው ወላጁ ራሱ ግቢው ድረስ ይመጣል፤ ልጁ የተማረውን በዓይኑ ያያል፣ በጆሮው ይሰማል፤ መምህሩም ፊት ለፊት ይነግረዋል። ይህ ሁለተኛው የበዓል ማድመቂያ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ጊዜ ወይም ገንዘብ ባጠረ ቁጥር ቀድሞ የሚሰረዘው እሱ ነው። እኔ የምለው ግን የዓመቱ መዝጊያ ጉባኤ የትምህርቱ አካል ነው፤ ለብዙ ወላጅ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሒሳቡን የሚያቀርብለት ብቸኛው ቀን ነው። ከዘመናዊዎቹ ትምህርት ቤቶች መካከል ይህን ጠንቅቀው ከተረዱት ውስጥ ስማቸው የገነነው የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ይገኙበታል። ሐይቅና አምባሰል ከእነሱ የሚማሩት ነገር አለ፤ ከገዛ ታሪካቸው የሚያወጡት ግን ይበልጣል።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ውስጥ ካቶሊክ የሆነው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። ደሴን በስሙ የያዘው የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት የተቋቋመውም በጥር 2007 ዓ.ም. ነው፤ ገና ለጋ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህም ሆኖ ቤተ ክርስቲያኒቱ በመላ አገሪቱ የምታስተዳድራቸው ትምህርት ቤቶች በመቶዎች ይቆጠራሉ። በአብዛኞቹ የሚማሩት ልጆች ካቶሊክ አይደሉም፤ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ናቸው። ወላጁ ይህን እያወቀ ለምዝገባ የሚጋፋው ለምንድን ነው? ቶሎ የሚመጣው መልስ የፈተና ውጤት ነው። ውጤቱ እውነት ነው፤ ግን ከየት እንደመጣ አያስረዳም። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሰኔው መዝጊያ ቀን ወላጅ ይጠራል፤ ልጆች ድራማ ያሳያሉ፣ ግጥም ያነባሉ፣ ይዘምራሉ፤ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሰው የሚወጡት ይሰናበታሉ፤ መምህራን ይመሰገናሉ። የታናናሾቹ ክፍል የታላላቆቹን ስንብት ያያል፤ እሱም ነገ እዚያ መድረክ ላይ እንደሚቆም ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ በየክፍሉ ተከፋፍሎ የኖረው ሰው ሁሉ በዚያ ቀን አንድ ማኅበር ይሆናል።

ይህ ልማድ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በአዲስ አበባ የቅዱስ ዮሴፍን ትምህርት ቤት የመሠረቱት የላሳል ወንድሞች ማኅበር መሥራች፣ ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ደ ላሳል፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ለድሆች ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ለመምህራኑ ዝርዝር መመሪያ አዘጋጅተው ነበር። በዚያ መመሪያ መሠረት ለተማሪ ሽልማት የሚሰጠው በሦስት ምክንያት ነው፤ ለመንፈሳዊነት፣ ለችሎታ እና ሳይቀሩ ለመትጋት። ሦስተኛው ምክንያት ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። ጭንቅላቱ ፈጣን ያልሆነ፣ ግን በየቀኑ የሚገኝ ልጅም በጉባኤ ፊት ስሙ ይጠራል ማለት ነው። በመቀሌ፣ በአድዋ፣ በዲላና በዝዋይ የሚታወቁት የዶን ቦስኮ ትምህርት ቤቶች የቆሙበት ሐሳብም ከዚህ አይርቅም። ጣሊያናዊው ቄስ ዮሐንስ ቦስኮ ጨዋታን፣ ሙዚቃንና ቲያትርን ለሥነ ሥርዓት ማስከበሪያ ከዱላ የተሻሉ መሣሪያዎች አድርገው ያዩዋቸው ነበር። ስለዚህ በሰኔ መድረክ ላይ የሚታየው ድራማ ከትምህርት የተረፈ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም፤ ዓይን አፋሯ ልጅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገርን የምትማርበት ሌላ ክፍል ነው።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ሥርዓት ነው፤ ወሎ ምን አገባው?» የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ ከሐይቅ ዳርቻ አይርቅም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በሐይቅ እስጢፋኖስ ተቀመጡ፤ በ1286 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ለአርባ አምስት ዓመት ያህል ገዳሙን የአገሪቱ ታላቅ ትምህርት ቤት አደረጉት። ኋላ ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚያ ከወጡት አንዱ ናቸው። ለገዳሙ የተጻፈው የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል እስከ ዛሬ ድረስ አለ፤ የታሪክ ሊቃውንትም ይመሰክሩበታል። ያ ትምህርት ቤት የትምህርት ዘመን መቁጠሪያ አልነበረውም፤ ሰኔ 30 ተዘግቶ መስከረም ላይ አይከፈትም። መጨረሻ ግን ነበረው። ተማሪው ያጠናቀቀውን በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያሳያል፤ መምህሩ ይመርቁታል፤ ተመርቆ ወደ ተላከበት ይሄዳል። በአገር ቤትም ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ሲደግም ወላጅ ይደግሳል፤ የኔታም ጎረቤትም ይጠራሉ። በሙስሊሙ ቤትም እንዲሁ ነው። ልጅ ቁርአን ሲያኸትም እርድ ይኖራል፤ ሼሁ ዱአ ያደርጋሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ የልጁን መጨረስ ይሰማል። በሐይቅም በአምባሰልም አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነውና ይህ ሁለተኛው ልማድ ከመጀመሪያው የሚያንስ አይደለም። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ልጅ ትምህርት መጨረሱ የቤቱ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ጉዳይ ነው። እንግዳ የሆነው ጉባኤው ሳይሆን ጉባኤ የሌለው ካርድ ነው።

በዚህ ላይ የቀድሞውን ሥርዓት ያለ ትችት ማወደስ አልፈልግም። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አትገባም፤ የዚያ ትልቅ ትምህርት ቤት በር ለሴት ልጅ ዝግ ነበር። የዛሬው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሁሉም በላይ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ዘይነባና አልማዝ አንድ ወንበር ላይ መቀመጣቸው ነው። የዓመቱ መዝጊያ ቀን ይህን በአደባባይ ያሳያል። ልጁን በየቀኑ አጥባና አብልታ የላከችው እናት መሆኗ እየታወቀ በስብሰባ ሁሉ የሚጠራው አባት ነው፤ በዚህ ቀን እናት ከፊት ወንበር መቀመጥ አለባት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሴት ልጇ በሕዝብ ፊት ስትመሰገን ያየች እናት ልጅቷን ከሰባተኛ ክፍል አስወጥቶ ለመዳር የሚመጣውን ሽማግሌ የምትመልስበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ታገኛለች።

ጠንካራው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ከመቶ ተማሪ ዘጠና አምስቱ በወደቀበት አገር ስለ ሰኔ ድራማና መዝሙር ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ የሚያረጋግጠው የእኔን ነገር ነው። እነዚያ ልጆች በ12ኛ ክፍል አልወደቁም፤ የወደቁት ከዚያ በፊት ነው፤ ያኔ ግን ማንም አልነገራቸውም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የተካሄደ የንባብ ጥናት ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ገደማው ከቀረበላቸው ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቶ ነበር። እነዚህ ልጆች በዚያ ዓመት ሰኔ ካርድ ተቀብለዋል። ብዙዎቹ ካርዶች «ተዛውሯል» ይላሉ፤ ምክንያቱም በታችኞቹ ክፍሎች ልጅን አለመጣል የፖሊሲ አቅጣጫ ነበር። ካርዱን የፈረመው ወላጅ ያየው ማኅተሙን ነው። ልጁ ሲያነብ አልሰማም።

አንድ ወላጅ መጻፍና ማንበብ ባይችልም ልጁ ማንበብ አለመቻሉን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልገውም፤ መስማት ብቻ በቂ ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጆች በተራ ቆመው ከመማሪያ መጽሐፋቸው ሁለት ሁለት አንቀጽ ቢያነቡ፣ የአራተኛ ክፍል ልጆች የሐይቅን ዳርቻ ወይም የአምባሰልን ተራራ የሚገልጽ የራሳቸውን ድርሰት ቢያቀርቡ፣ የስድስተኛ ክፍል ልጆች የገበያ ሒሳብ በቃል ቢሠሩ፣ ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ከማንኛውም ሪፖርት የበለጠ ያውቃል። ልጁ ሲንተባተብ ቢሰማ ያፍራል ይባል ይሆናል፤ እፍረቱ ግን በአሥር ዓመት ዘግይቶ በፈተና አዳራሽ ከሚመጣው ይቀላል፤ ደግሞም የልጁ ብቻ አይደለም። ግማሽ ክፍል ሲንተባተብ የሚያፍረው ትምህርት ቤቱ ነው። ማፈርም አለበት። ይህን ፈርቶ ቀኑን የሚሰርዝ ትምህርት ቤት የሚሸሸው ከወጪ ሳይሆን ከጥያቄ ነው።

የወጪው ነገር ግን ችላ የሚባል አይደለም። ባለፉት ዓመታት በከተሞች የተለመደ አንድ ነገር አለ፤ የአምስትና የስድስት ዓመት ሕፃናት ጋዋንና ቆብ ተከራይተው «ይመረቃሉ»፤ ፎቶ አንሺ፣ ኬክ፣ ዲጄ ይመጣል፤ ወላጅ ሳይወድ ያዋጣል። ሦስት ልጅ ያለው የቀን ሠራተኛ ለዚህ ሲል ይበደራል። በዚህ ጉዳይ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። መዋዕለ ሕፃናት መጨረስ ጋዋን የሚያስለብስ ነገር አይደለም፤ የወላጁን ኪስ የሚያራቁት መዝጊያ ደግሞ ከላይ ያነሳሁት ማኅበር ተቃራኒ ነው፤ መክፈል ያልቻለው ልጅ በዚያ ቀን እቤት ይቀራል። በወሎ ግን ለዚህ ገንዘብ መፈለግ አያስፈልግም። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ቅሬው ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስትና ስኒ አለው፤ ሰው የሚጠራበት ሥርዓትም አለው። ለሐዘን የሚተከለው ድንኳን በዓመት አንድ ቀን ለልጆች ቢተከል የሚከለክለው መተዳደሪያ ደንብ የለም። ቡናውን እናቶች ያፈላሉ፤ ቆሎና ዳቦው ከየቤቱ ይመጣል።

ሙዚቃውንም ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ምድር ነው። አምባሰል ስሙን ለቅኝት የሰጠ አገር ሆኖ ሳለ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ከስልክ የተቀዳ የከተማ ዘፈን መልቀቅ ያሳዝናል። መሰንቆ የሚጫወት አንድ የአካባቢ ሰው በመጋቢት ተጠርቶ ልጆቹን በሳምንት አንድ ቀን ቢያለማምድ ለሰኔ ይደርሳሉ።

ስለ ደረጃ የሚነሳው ተቃውሞ ሌላ ነው። በጉባኤ ፊት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ተጠርተው ደብተርና እስክሪብቶ ሲቀበሉ ሌሎቹ ስልሳ ልጆች ያጨበጭባሉ፤ ለእነሱ ቀኑ የሌላ ሰው በዓል ነው። ከፍተኛ ፉክክር ልጅን ያነቃቃል የሚሉ መምህራን ብዙ ናቸው፤ ጎበዙን ያነቃቃ ይሆናል። አርባ አንደኛ የወጣችው ልጅ ግን ከዓመት ዓመት አርባ አንደኛ መሆኗን ብቻ ነው የምትማረው። እኔ በታችኞቹ ክፍሎች ደረጃ በአደባባይ ባይነበብ እመርጣለሁ። በምትኩ ካርዱ ላይ አስቀድሞ ያሉት ነገሮች ይጠቀሙ፤ የቀረበት ቀን ብዛት እዚያው ተጽፏል። ከብት ጠብቃ፣ ውኃ ቀድታ፣ አንድም ቀን ሳትቀር ዓመቱን የጨረሰች ልጅ ካለች ስሟ በመጀመሪያ ይጠራ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሠላሳ አምስት አምጥቶ በሁለተኛው ስልሳ የደረሰ ልጅ ካለ እሱም ይጠራ። ይህ ለደካማ የሚደረግ ምጽዋት አይደለም፤ ላሳል ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ያዩት ነገር ነው።

የሃይማኖቱን ጥያቄም ማለፍ አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከማንኛውም የሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። የካቶሊክ ትምህርት ቤትን ልማድ በአርአያነት ማንሳት፣ ቄስና ሼህ ይመርቁ ማለት ይህን አይጋፋም ወይ? በታሪክ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ከካናዳ የመጡት ኢየሱሳውያን ካህናት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ሲረከቡ የካህን ልብሳቸውን ትተው፣ ሃይማኖታቸውን ላለመስበክ ተስማምተው ነበር። ከእነሱ መካከል ሉሲየን ማት ኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ለማቋቋም ተመርጠዋል። አንድ ተቋም ሃይማኖቱን ሳይክድ የሌላውን ልጅ ሳይነካ ማስተማር እንደሚችል ይህ ያሳያል። ወሎ ደግሞ ይህን ከማንም ሳይማር ኖሮታል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ያለበት አገር ነው፤ በሠርጉም በሐዘኑም ሁለት ድስት ይጣዳል። በትምህርት ቤቱ ጉባኤ ትምህርቱ የሃይማኖት አይሆንም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ልጆቹን «እደጉ» ቢሏቸው፣ አንዱ አሜን አንዱ አሚን ቢል፣ ሕጉ የሚጠብቀው ነገር አይጎዳም። ይልቁንስ ልጆቹ አብሮ መኖርን ከሥነ ዜጋ መጽሐፍ ሳይሆን ከአያቶቻቸው አፍ ይሰሙታል።

ይህን ሁሉ በሰላም አገር እንዳለን አድርጌ አልጻፍሁም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅንና ውጫሌን ሲያጥለቀልቅ በደቡብ ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ወንበር ማገዶ ሆኗል፤ የተማሪ ሰነድ ተበትኗል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ ስንት ልጅ ከሰኔ ካርድ እንዳስቀረ ሁሉም የሚያውቀው ነው። በሐይቅ አካባቢ ባሉ መጠለያዎች የሚኖሩ ተፈናቃይ ልጆችም አሉ፤ ከየት እንደመጡ የሚያሳይ ካርድ እንኳ በእጃቸው የለም። በዚህ ጊዜ ሕዝብ መሰብሰብ አደጋ ነው የሚል ካለ የጸጥታውን ሁኔታ በየቦታው የሚያውቀው እሱ ነውና አልከራከረውም፤ የማይቻልበት ቀበሌ አይሰብስብ፤ በየክፍሉ ሃያ ሃያ ወላጅ ቢጠራ ያው ነው። ሰነዱ የጠፋበት ትምህርት ቤት ግን ከማንም በላይ ይህ ቀን ያስፈልገዋል። ማን ስንተኛ ክፍል እንደነበር፣ ማን እንዳቋረጠ፣ የማን ቤተሰብ የት እንደሄደ የሚያውቀው ሰፈሩ ነው። የመጠለያው ልጅም በዚያ ቀን ከአካባቢው ልጆች ጋር ቆሞ ካነበበ ከዚያ ወዲያ «የመጠለያ ልጅ» መባሉ ይቀንሳል።

የሚቀረው ጊዜው ነው። ሰኔ የእርሻ ወር ነው፤ ዝናቡ ከጀመረ ገበሬ በሬውን ትቶ ትምህርት ቤት አይውልም፤ በአምባሰል ደጋ ደግሞ ወንዝ ከሞላ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው አይሻገርም። ስለዚህ ቀኑ ሙሉ ቀን መሆን የለበትም፤ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት ሰዓት በቂ ነው። በዓል ሆኖ በሬ የማይጠመድበት ቀን ይመረጥ፤ ለምሳሌ ሰኔ 21 ማርያም። ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ በፊት ይለቅ። ቀኑን የሚቆርጠው ወረዳው ሳይሆን የወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) ከቅሬው ጋር ተማክሮ ቢሆን ሰው ይመጣል። ርዕሰ መምህሩ በዓመቱ የመጣውን ገንዘብና የወጣበትን በአማርኛ፣ ያለ ቢሮ ቃላት፣ በአሥር ደቂቃ ይናገር፤ ወላጅ ይጠይቅ፤ የተባለው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ የሚከፈተው በዚያ ቃለ ጉባኤ ንባብ ይሁን፤ ለሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ይመጣል ተብሎ ከነበረ መጽሐፉ መምጣቱ፣ የሴት ልጆች መጸዳጃ ቤት ይሠራል ተብሎ ከነበረ መሠራቱ፣ ወላጆች እንጨትና ጉልበት እናዋጣለን ብለው ከነበረም ማዋጣታቸው ሁሉም ባለበት ይጠየቅ።